ሁለት እንቁላል በአንድ ቅል

እኛ አገር ወንዝ የሚሻገሩት ነገር ነው። እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙን፤ ደካማ ምክንያት ያቀረበ ሰው «ይኼ ወንዝ አያሻግርህም» ይባላል። ሩቅ አገር የተገናኙ ሰዎች «የወንዜ ልጅ» ተባብለው ይተቃቀፋሉ። ልጅ የሚዳረው ማዶ ነው፣ ከብት ጠፍቶ የሚገኘው ማዶ ነው፣ ነገረኛ ጎረቤት እንኳ ማዶ ቢሆን ይመረጣል። ወንዝን በወርዱ እንጂ በቁመቱ የሚያውቀው ሰው የለም። ሁሉም የሚያውቀው የራሱን መሻገሪያ ነው፤ ከመሻገሪያው በላይ ያለው ውሃው የመጣበት፣ ከመሻገሪያው በታች ያለው ደግሞ የሄደበት ነው፤ አለቀ። ወንዝን በቁመቱ የሚሄድ ፍጡር ካለ ወይ ዓሣ ነው፣ ወይ ግንድ ነው፣ ወይ ውሃ የወሰደው ሰው ነው።

እኔ አራተኛው ልሁን ብዬ ተነሳሁ።

ላስረዳችሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች «እንዴት ዋልክ?» ከማለታቸው በፊት ትርፍ ጊዜ እንዳላቸው የሚያስቡት ለዚህ ነው። አስተማሪ ያላስተማረኝን ሁሉ ከስልኬ ነው የተማርኩት፤ የተማርኩትን ደግሞ ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልችልም። ታዲያ አንድ ቀን፣ ተጣጥፋ በጀርባ የምትታዘል ትንሽ ጀልባ ይዘው ሰው በማይኖርበት ሸለቆ የሚወርዱ ሰዎች ስልኬ ላይ አየሁ። ወንዝ ሲደርሱ ይነፏታል፣ ይቀመጡባታል፣ ይወርዳሉ። ጠዋት ገብተው ማታ ይወጣሉ። አየሁና «ጉማራስ?» አልኩ።

ጉማራ ከጉና ሥር ተነስቶ ጣና የሚገባ ወንዛችን ነው። ዕቅዱን አወጣሁ፦ ጠዋት ከላይኛው መሻገሪያ እንገባለን፤ ከሰዓት በኋላ ዋንዛዬ ላይ እንወጣለን፤ እዚያ ፍል ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፈን ድካማችንን እናራግፋለን፤ ከዚያ ወደ ሐሙሲት ወጥተን በሚኒባስ ወደ ቤት። ጊዜው ጥቅምት ነው። ከመስቀል በፊት ውሃው ጎርፍ ስለሆነ ሰው አይሰማም፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ ወንዙ ድንጋይ ብቻ ይሆናል። በወሬ ደረጃ እንዲህ ያለ የሚያምር ቀን ኖሮ አያውቅም።

ጀልባዋን የሠራናት እኛው ነን። የጭነት መኪና የጎማ ላስቲክ፣ ሸራ፣ ለወለሉ የማዳበሪያ ከረጢት፤ መቅዘፊያው ቀርከሃ ሆኖ ጫፍና ጫፉ ላይ የተቆረጠ ጀሪካን። ገበያ ውስጥ ሸራውን የሰፋልን ሰውዬ ስፌቱን ጨርሶ አገላብጦ አያትና፣ «ወንድሜ፣ ይቺን ሰው ነው የሚሸከማት ወይስ እሷ ናት ሰው የምትሸከመው?» አለኝ። «ሁለቱም ነው፤ ምን መሰለህ...» ብዬ ስጀምር መርፌውን ሸራው ላይ ሰክቶ ለሶላት ሄደ።

«እኛው» ያልኩት እኔና ስማቸው የሚባለው ልጅ ነን። ስማቸው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። እኔ የምናገረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው የሚሰማ፣ ሰምቶም የሚያምን አንድ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እሱ ነው። የሚያምናችሁ ሰው መኖሩ ደስ ይላል። ቆይቶ ግን ያስፈራል። ምክንያቱም ስማቸው ለእናቱ አንድ ነው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። የእናቱ የእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ደግሞ ልክ ከምንነሳበት ከላይኛው መሻገሪያ በላይ ነው። እሳቸው ሳያዩን ወንዝ መግባት አይቻልም። አይተውን «እንቢ» ካሉ ደግሞ ስማቸው አይገባም።

ሄድኩና አስረዳኋቸው። ምስር እየለቀሙ ሰሙኝ። ስለ አየር፣ ስለ ክብደት፣ ውሃ ዕቃን ወደ ላይ ስለሚገፋበት ኃይል፣ ደረታችን ላይ ስለምናስረው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ ምንም አልቀረኝም። ስጨርስ ሰፌዱን ነቅነቅ አድርገው አንዲት ጠጠር አወጡና ወረወሯት።

«ጉሮሮስ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ መቆም አለብኝ። በላይኛውና በታችኛው መሻገሪያ መካከል ጉማራ ሁለት ገደል መሀል ገብቶ ይታጠፋል። የአገሩ ሰው ጉሮሮ ይለዋል። ሰው አይወርድበትም፣ ከብት አይጠጣበትም፤ ከገደሉ አፋፍ ሆነህ ብታይ የሚታይህ ነጭ አረፋ ነው፣ ከዚያ መታጠፊያው ይሸፍነዋል። የላይኞቹን ሰዎች ብትጠይቃቸው የሚገባውን ያውቃሉ፤ ወዴት እንደሚወጣ አያውቁም። የታችኞቹ የሚወጣውን ያውቃሉ፤ ከየት እንደገባ አያውቁም። መሀሉን የሚያውቀው ውሃው ብቻ ነው። ውሃ ደግሞ እያሳሳቀ የሚወስድ እንጂ አስቀድሞ የሚናገር አይደለም።

ታዲያ መላ አጣሁ መሰላችሁ? በጭራሽ። «እትዬ፣ ቅል እንልቀቅ» አልኳቸው። ስማቸው ከላይ ይለቃል፣ እኔ ከታች እጠብቃለሁ። ቅሉ በደህና ከወጣ መንገዱ ደህና ነው። ይኼን ያሰብኩት ራሴ ነኝ፤ ትንሽ ኮራ ብዬም ነበር የተናገርኩት።

«ባዶ ቅልማ ምን ቸገረው?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «የሚያጣው ነገር የለው!»

ተነሱና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ አፈ ሰፊ ቅል በአንድ እጃቸው፣ ሁለት እንቁላል በሌላው ይዘዋል። ቅሉ ውስጥ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቀው እንቁላሎቹን ጎን ለጎን አስተኟቸው።

«ይኸው አንዱ አንተ ነህ፣ አንዱ እሱ ነው። ሁለቱም ደህና ከወጡ ሂዱ፤ መርቄ እሸኛችኋለሁ።»

እኔ መቼም ነገር ሳላደራጅ አልውልም። እስክሪብቶ አወጣሁና «ስማችንን ልጻፍባቸው» አልኩ።

«ተው!» አሉኝ፤ እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ከጻፍክማ ዓይኔ የሚሄደው ወደ አንዱ ብቻ ነው። የሰውም ልጅ ልጅ ነው። እናትህ እዚህ የለችም፤ በሷም ቦታ የማየው እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶዬን መለስኩ። እሳቸው በላዩ ጭድ ጨመሩና አፉን በጨርቅ ወትፈው በሰም ደፈኑት። «ሳትከፍት ነው የምታመጣልኝ» አሉ።

በማግስቱ ታችኛው መሻገሪያ ላይ ድንጋይ መርጬ ተቀመጥኩ። አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ በሬዎቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወርደው ነበርና አዩኝ።

«ምን ትጠብቃለህ አንተ ልጅ?»

«ቅል።»

«ከማን ጋር ይመጣል?»

«ከእንቁላል ጋር።»

ዘወር ብለው በሬዎቹን አዩ፤ ሌላም የሰማ መኖሩን ሊያረጋግጡ መሰለኝ። «የሐሙሲት ገበያ በመኪና መሄድ ቀርቶ በወንዝ ሆነ?»

አስረዳኋቸው። በጣም ነው ያስረዳኋቸው። አያ ደምሌ በዱላቸው ተደግፈው ሰምተው፣ «እኛ ያየነውን ልንገርህ» አሉ። «ግንድ ይገባል፣ ፍልጥ ይወጣል። አንድ ክረምት ደግሞ በሬ ወጣ፤ ቀንዱ ከራሱ ላይ አልነበረም። አንድ ጊዜ ግን ጠቦት በሕይወት ወጥታ እዚህ ሣር ስትግጥ አገኘናት። እንግዲህ ግንድ ትሆን ወይስ ጠቦት፣ የምታውቀው አንተ ነህ።»

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። ስማቸው ነው፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ለቀቅነው! እናቴ...» ሲል ጠፋ። እናቱ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጥበቃ ዕቅዴ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ሰው ሲያቅድ የሚያስበው መሄዱን ነው፤ የሚጠብቀውን ሰው አያስብም። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የምጠብቀው ሁለት እንቁላል ነው፤ ሆኖም ዓይኔን ከመታጠፊያው መንቀል አቃተኝ። ታዲያ እትዬ ማንጠግቦሽ እኛን ልከው እላይ ቢቀመጡ ምን ይውጣቸዋል? አሰብኩት። ወዲያው ደግሞ ማሰቤን ተውኩት፤ አይመችም ነበር።

በሬዎቹ ጠጥተው ጠገቡ። አያ ደምሌ ግን አልሄዱም። «ልሂድ» እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሱ፣ መልሰውም ተቀመጡ። በመጨረሻ ድንገት ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። «ያውና! ያውና ልጆቼ!» ብለው ጮሁ። ቅሉ እየተንከባለለ፣ ቀና እያለ፣ እንደገና እየጠለቀ መጣ። በዱላቸው ስበው ያዙት። ሰሙ አልተነቀነቀም፤ ቅሉም አልተሰነጠቀም። አቀፍኩት። ብታዩኝ የክርስትና ልጅ የያዝኩ ነበር የምመስለው።

ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ዳገቱን ስወጣ ቅሉ እንዴት እንደፈተነኝ አልነግራችሁም። ልወዝውዘው? ጆሮዬን ላስጠጋው? አስጠጋሁ። ዝም ይላል። ደስ አለኝ። ትንሽ ሄጄ ደግሞ የተሰበረ እንቁላልም ዝም እንደሚል ትዝ አለኝ።

ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስማቸው ከኋላቸው ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ቅሉን ተቀብለው ተቀመጡ፣ ሰሙን በቢላዋ ፈቀፈቁ፣ ጨርቁን ሳቡ፣ ጭዱን በጣታቸው መዘዙ። መጀመሪያ የወጣው ጭድ ደረቅ ነው። የሚቀጥለው ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ተጣብቋል። እጃቸውን አስገብተው ቀስ ብለው ፈለጉና አንድ እንቁላል አወጡ፤ በቀሚሳቸው ጠረጉት። ንጹሕ፣ ጭረት የሌለው፣ ሙሉ እንቁላል ነው። የሌላው ቅርፊት ብቻ ነበር የቀረው።

ቀድሜ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? «እንግዲህ አንድ ሙከራ ብቻውን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቀጥል» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። እንቁላሉን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ወደ እኔ አቀረቡት። «አስረዳኝ እንጂ። የትኛችሁ ነው?»

ነበረኝ እኮ! ጭዱ በደንብ አልተጠቀጠቀም፤ ቅል መሪ የለውም፣ እኛ ግን መቅዘፊያ አለን፤ ሰው እንቁላል አይደለም። ሁሉንም በልቤ ደረደርኩት፣ አየሁት፤ አንዱም ወንዝ አያሻግርም።

«የተሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ ስማቸው። «ባጃጅ የሚነዳ ሰው ድሮም ስንጥቅ አያጣውም።»

እናቱ ሳቁ። እየሳቁም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። የሳቁን እንጂ የእንባውን ምክንያት አላወራነውም።

ዕቅዱ አልቀረም፤ ተስተካከለ። ከላይኛው መሻገሪያ እንገባለን። የጉሮሮው አፍ ጋ ስንደርስ እትዬ ማንጠግቦሽ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል፤ ከውሃው በእግራችን ስንወጣ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ጀልባዋን አስተንፍሰን አዝለን ዳገቱን እንዞራለን፣ አያ ደምሌ ጋ ወርደን እንደገና እንገባለን። ሸራ ሰፊው የጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይኼው ነው፤ ግማሹን ቀን እሷ ትሸከመናለች፣ ግማሹን እኛ። ወንዝ ለመውረድ ብለን የተነሳን ሰዎች፣ የዕቅዳችን ዋናው ነገር ከወንዝ የምንወጣበት ቦታ ሆነ።

ዕለቱ ደግነቱ የፍስክ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ የተረፈውን እንቁላል ቀቀሉት፣ ላጡት፣ በክር እኩል ለሁለት ከፈሉት፣ በርበሬ ነስንሰው አንዱን ለእሱ አንዱን ለእኔ ሰጡን። ለራሳቸው አላስቀሩም።

ስማቸው ባንዴ ዋጠው። እኔ ግማሼን በጣቴ አገላበጥኩት። «ይኼ የተረፈው የትኛችን ነበር?» ብዬ ልጠይቃቸው አማረኝ። ተውኩትና በላሁ።