የክቡር ፈታሹ አፍንጫ

አውራ ጣታቸው የዓሣውን ስንጥብ ይገልጣል፤ ሌባ ጣታቸው ሆዱን ጫን ጫን ያደርጋል፤ ከዚያ ዓሣው በክብር ወደ አፍንጫቸው ይወጣል። ጡረተኞች በባሕር ዳርቻ ድንኳን በተከሉበት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ክቡር ፈታሽ ጎረቤቴ ጋሼ ቡንለርት ናቸው። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ አፍንጫቸውን ግን የምቀይርበት መላ አጣሁ።

ሠላሳ ዓመት የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ፤ ጡረታ የወጣው ደመወዛቸው ብቻ ነው። ዝናቡ አባርቶ ከሸውሸዌ ዛፎቹ ሥር በሰፈርን ቁጥር፣ እሳቸው ሳያሸቱት ፍም ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። ካሳለፉት በጨው ይጠበሳል፤ በሎሚና በቃሪያ እያጠቀስን አጥንቱን እስክንመጥ እንበላለን። "ትናንት የሞተ ነው!" ካሉ ግን አለቀ። አንዴ ዓሣ ሻጯ ፓዮም የሚንፈራገጥ ሸርጣን ብታቀርብላቸው አሸተቱና "አሞታል" አሏት።

"እስቲ ጣትዎን ያቅርቡለት ጋሼ፣ ጤንነቱን ራሱ ይነግርዎታል!" አለቻቸው።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ከምድጃቸው ያፈተለከ ጋዝ ድንኳኔ ድረስ ሸተተኝ። ብቅ ስል ክብሪት ሊጭሩ ነው! ሮጬ እጃቸውን መታሁት።

"ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?"

"አይሸትዎትም እንዴ?"

ጋዙን ዘጋሁት።

"ከሦስት ዓመት በፊት ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም" አሉ ቀስ ብለው። "ሰዎቹ እንዳይሰሙ፣ አደራ። ይህን ካወቁ ለምን ይፈልጉኛል?"

"ታዲያ ዓሣውን በምን ይለዩታል?"

"የማየው ሻጩን ነው። ያደረ ዓሣ ከያዘ ወሬ ያበዛል።"

ስልሳ ዓመት ፊደል ሳልቆጥር የሰው ፊት እያነበብኩ ኖሬያለሁና ነገሩ ገባኝ። ግን ፊትም ይዋሻል። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ሲመጣ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ ከሸተተኝ አንዴ እስላለሁ። "ትናንት የሞተ ነው!" ይላሉ እንደ ዳኛ። ሰፈሩም "ወይ አፍንጫ!" እያለ ይደነቃል።

ባለፈው ሳምንት ግን ጉንፋን የያዛት አንዲት እንግዳ ከጎናችን ቆማ ስታስል፣ ገና ከመረብ የወጣ አንድ ቅርጫት ዓሣ ተባረረ። ሰው ሁሉ ባዶ ሩዝ በላ፤ እኔም ምስጢሬን ከሩዙ ጋር ዋጥኩ።

እናም ወደ ዳርቻችን የምትመጡ ሁሉ፣ ቦታ አለ፣ ድንኳናችሁን ከጎናችን ትከሉ። እባካችሁ ብቻ፣ ጋሼ ቡንለርት ሲያሸቱ ሳላችሁን ዋጥ አድርጉልኝ።