ዊንዶውስን ያፈጠንኩበት ቀን

እኛ ሰዎች ረዘመ ብለን የምናማርረው እስኪያጥር ድረስ ነው። ቅዳሴው ረዘመ፣ የእድሩ ስብሰባ ረዘመ፣ ሽማግሌው ምርቃቱን አስረዘሙት እንላለን። ሲያጥር ደግሞ የሆነ ነገር እንደተሰረቀበት ሰው ኪሳችንን እንዳብሳለን። እናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን በገዛ እጄ አሳጥሬ የተጸጸትኩበት ነገር አለ።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ መካኒሳ አቦ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ሰናይት እዚያው ሰፈር ጽሕፈት ቤት ነበራት፤ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የእድር ደብዳቤ ትተይባለች። ደንበኞቿ የሚያመጡት ፍሎፒ ቫይረስ አያጣውምና ኮምፒውተሯ በየወሩ ይበላሻል፤ በየወሩም እኔ እጠራለሁ። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሰናይት አጠገብ! እወዳት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አልነገርኳትም። ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ እገባና፣ በስክሪኑ ቀስ እያለ በሚሞላው ሰማያዊ መስመር ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆይቼ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ስደርስ በሯ ላይ አምስት ሰው ቆሟል። አንደኛው አዛውንት የቦታ ማመልከቻቸው በዚያው ቀን ካልገባ ጊዜው ሊያልፍባቸው ነው። ሰናይት እንባ እንባ ብሏታል። ጀግና መሆን አማረኝ። ዊንዶውስ የሚጫንበት ሲዲ ቀርፋፋ ነው፤ ስለዚህ የታመቁትን ፋይሎች ሳልፈታ እንዳሉ ወደ ሃርድ ዲስኩ ገለበጥኳቸው። ከዚያ ከስምንት ሜጋ ሜሞሪ ሁለቱን ቆርሼ ለዲስኩ ማቆያ ሰጠሁት፤ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ የሚፈልገውን ነገር በቅርብ እንዲያገኘው።

«ለምን አራት አትሰጠውም?» አለችኝ ሰናይት፣ ከኋላዬ ቆማ።

«ዊንዶውስ ራሱ ምን ይብላ?»

ሳቀች። በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። አዛውንቱ መርቀውኝ ሄዱ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ወር አለፈ፣ ጥሪ የለም። ሁለተኛውም ወር እንዲሁ። ሲብስብኝ ካቻቢቴ ረስቻለሁ ብዬ ሄድኩ።

«ሁለቴ ተበላሽቶብኝ፣ ያን ቀን እንዳየሁህ አድርጌ ራሴው ጫንኩት» አለችኝ። «ሁለት ሜጋ አይደል የሰጠኸው?»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼ ነው። የረሳሁት ካቻቢቴ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ገብቷታል። ልወጣ ስል ወንበር ሳበችልኝ፤ ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይሆን ከራሷ ፊት።

«ተቀመጥ። ዓመት ሙሉ ከዚያ መስመር ጋር ስትፋጠጥ ሳይህ ከረምኩ። ዛሬ የሚጫን ነገር የለም፤ የምትለውን በል» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።