ሊቀ ቤንዚን ተራውን ያስቀዳ ዕለት

መኪና በሚነዳበት ሰፈር ሁሉ፣ የሰው መኪና ምን ዓይነት ቤንዚን መጠጣት እንዳለበት ከባለመኪናው በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሳትጠሩት ይመጣል፣ ሳትጠይቁት ይመልሳል። ብትሸሹት ደግሞ የምትሸሹበት መኪና በምን ቤንዚን እንደሚሄድ እያሰበ ከኋላ ያያችኋል።

የኛ ሕንፃ ድርሻውን ያገኘው ምድር ቤት ላይ ነው፤ እዚያው ይኖራል፣ እዚያው ይሠራል። የሰውየው ሥራ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ጥሪው ግን ኦክቴን፣ የቤንዚን ደረጃ የሚለካበት ቁጥር፣ ነው። እኔ በልቤ «ሊቀ ቤንዚን» ብዬ ሾምኩት፤ አንድ ቀን ስሙ ከአፌ አመለጠኝና በሳምንቱ ሕንፃው በሙሉ ሹመቱን አጸደቀ። እሱም ሰምቶ አልተቆጣም። እንዲያውም የዘገየ ሹመት መስሎት ነው መሰለኝ፣ ድምፁን ጎርነን አድርጎ «ምን ታደርገዋለህ፣ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ» አለኝ።

የተዋወቅነው ማደያ ላይ ነው። ያቺ አሮጌ ትንሽ መኪናዬን ልሸልማት አስቤ ቀጂዋን «ዛሬ ዘጠና አምስቱን አርጊልኝ» አልኳት፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። ከጎን ከቆመች ቀይ የስፖርት መኪና ውስጥ «ቁሚ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጂዋ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍም ቆመ። ሰውየው ወርዶ መጣና የነዳጅ መክደኛዬን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «መጽሐፉ ምን ይላል?» አለኝ።

«የቱ መጽሐፍ?»

«የመኪናህ ነዋ! ይኸው፣ ክዳኑ ላይ ራሱ ተለጥፎልሃል። ዘጠና አንድ። ቁጥሩን አይተህ ታውቃለህ?»

አይቼ አላውቅም ነበር። አራት ዓመት በየሳምንቱ የከፈትኩት ክዳን ነው።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሁሉ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉልበት የሚጨምር ይመስለዋል። ኦክቴን ጉልበት አይደለም፤ ኦክቴን ትዕግሥት ነው። ቤንዚኑ ሲጨመቅ ሰዓቱ ሳይደርስ እሳት እንዳይነሳበት የሚችለው ነገር ነው። የኔዋ ቱርቦ አላት፣ ቤንዚኑን አስጨንቃ ነው የምትይዘው፤ ስለዚህ ታጋሽ ቤንዚን ትፈልጋለች። ያንተዋ ግን…» መኪናዬን ከጎማ እስከ ጣሪያ በሐዘኔታ አያት። «ያንተዋ ማንንም አታስጨንቅም። አህያ ማር አይጥማትም። ተራውን ቅጂለት!»

እንዲህ ተዋርጄ ጎረቤት አፈራሁ።

የሥራ ክፍሉን ብታዩት ታዝናላችሁ። መደርደሪያው ላይ ከጄሶ የተሠሩ የሰው መንጋጋዎች ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ጥርስ ሊለካ የገባ ሰው አፉ በልክ መውሰጃ ሊጥ ስለሚሞላ መልስ መስጠት አይችልም፤ ሊቀ ቤንዚን ደግሞ ከዚህ የተሻለ ተማሪ የት ያገኛል? ሁለት መንጋጋ ከመደርደሪያ ያነሣና ካካካካ እያጋጨ «ባለ ቱርቦ ሞተር ተራ ቤንዚን ስታጠጣው እንዲህ ነው ጥርሱን የሚያፋጨው» ይላል። በሽተኛው ዓይኑን ያፈጣል። ሊቀ ቤንዚን ገባው ብሎ ይቀጥላል። መኪና ኖሯቸው የማያውቁ ስንት ሽማግሌዎች ስለ ቱርቦ ተምረው፣ አዲስ ጥርስ አስገብተው እንደወጡ ቤቱ ይቁጠረው።

አንድ ቀን ደግሞ ሕንፃው ደጅ የቆመ የሠራተኞች አውቶቡስ ሾፌር ላይ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰበከበት። ሾፌሩ ሙዙን ልጦ፣ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ሲያበቃ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ ነው» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ሊቀ ቤንዚን ግን «ታዲያ መጀመሪያ አትናገርም? ለናፍጣ ሌላ ትምህርት አለው!» ብሎ ሁለተኛውን ሩብ ሰዓት ጀመረ።

ቀይዋ መኪና በዕድሜ ከኔ ትዳር ትበልጣለች። ባለ ሁለት በር ናት፣ የኋላ ወንበሯ ለእግር አልባ ሰዎች የተሠራ ነው፣ የምትነዳውም እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ማደያው ዘጠና አምስት ካለቀበት ልብሷን ለብሳ ትቀመጣለች እንጂ ሌላ ነገር ከንፈሯን አይነካም። ሚስቱ በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራ ተወችው፦ «እኔ ያገኘሁትን እበላለሁ፣ እሷ መርጣ ትጠጣለች።»

በዚህ ሁሉ መሐል እሱን ያለ ርኅራኄ የምትቋቋም አንዲት ኃይል ነበረች፤ አማቴ። ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ምላሳቸው ስለት አለው፣ ጉልበታቸው ግን ደረጃ ላይ ይደክማል፤ እና አረፍ የሚሉት ሁልጊዜ እሱ በር ፊት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ቀይ ነገርህ ዛሬም ጾም ላይ ነው?»

«እትዬ፣ ዘጠና አምስት አልመጣም።»

«ቤንዚን ቤንዚን ነው። ሲነድ አንድ ነው።»

«እትዬ!» ይላል፣ በጩቤ እንደተወጋ ሰው። «እንደሱ አይበሉ። ሞተር ይሰማል።»

እና አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አማቴ ደረጃው ላይ ተቀመጡና ሳይነሱ ቀሩ። ስደርስ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ሚስቴ አምቡላንስ ጠራች፤ ሁሉም ወጥተዋል፣ አርባ ደቂቃ ጠብቁ አሏት። የኔ መኪና ጋራዥ ውስጥ ማርሿ ወርዶ ተዘርግታለች። እየሮጥኩ ወርጄ የሊቀ ቤንዚንን በር ደበደብኩ።

ጥያቄ አልጠየቀኝም። የመኪናዋን ልብስ ሲገፍ ሁለት ቦታ ተቀደደ፣ ዞር ብሎም አላየው። አማቴን ከፊት አስቀመጥን፤ እኔ እግር ማስቀመጫ በሌለበት የኋላ ወንበር እግሬን አጣጥፌ ገባሁ። ሚስቴ ቦታ ስላጣች ታክሲ ፈልጋ ልትከተለን ቀረች። መኪናዋ ተነሳች፤ የነዳጅ ምልክቷ ግን ታች ተኝቷል። አሥራ አንድ ቀን ዘጠና አምስት ስትጠብቅ የኖረች መኪና ናት።

ማደያው ጋ ሲደርስ መስኮቱን አወረደ። ያቺው ቀጂ ናት። ገና ስታየው እጇን አወዛወዘች።

«ጋሼ፣ አልመጣም እኮ! ተራው ብቻ ነው ያለው።»

«ቅጂው።»

«ተራው ነው እያልኩህ እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ቅጂው፣ የኔ እናት፣ ቶሎ በይ።»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ሰውየው አብዷል ወይ የምትል ትመስላለች። ከዚያ ፊት ወንበር ላይ ያሉትን አማቴን አየችና ቀዳች። እሱ መሪውን ይዞ ፊት ፊቱን ያያል። ቤንዚኑ ሲንቆረቆር ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ በመስታወቱ አይቼዋለሁ።

ሆስፒታሉ ያለው ከረጅሙ ዳገት ጫፍ ላይ ነው። ያቺ መኪና ተራ ቤንዚን ገብቶባት በቀስታ ብትነዳ እስከ ማታም ምንም አትሆንም፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ዳገት ላይ ከረገጧት ግን አለቀላት፤ ይህንንም ያስተማረኝ ራሱ ነው። አማቴ አንዴ አቃሰቱ። ሊቀ ቤንዚን እግሩን እስከ ወለሉ ሰደደው።

መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚረግፍ ሆነ። ቀጥሎ በመዶሻ እንደሚቀጠቀጥ። ካካካካ! ድምፁ በጨመረ ቁጥር የሰውየው ትከሻ ወደ ጆሮው ይወጣል፣ እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀድመነው ያለፍነው የጭነት መኪና ሾፌር እንኳ በመስኮት ብቅ ብሎ ወደ ሞተራችን ጠቆመ።

አማቴ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «ምንድነው የሚንኳኳው?»

«ምንም አይደል እትዬ» አለ። «በሩ ነው። አልገጠመም።»

ደረስን። ሐኪሙ ልባቸው ውስጥ ደም የሚያልፍበት ተዘግቶ እንደነበር ነገረን፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ቀሪውን ሳይጨርስ ሄደ። ሊቀ ቤንዚን ኮሪደሩ ላይ የመኪናዋን ቁልፍ በእጁ እንደጨበጠ አብሮኝ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ስለ ኦክቴን አንድ ነገር አልተናገረም። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

መኪናዋ ወደ ቤት ስትመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ሰማያዊ ጭስ ተፍታ ቆመች። አስጎትተን ጋራዥ አስገባናት። መካኒኩ ሞተሩን ሲከፍት ከአራቱ ፒስተኖች ሁለቱ አናታቸው ተቦርብሯል። «ምን አጠጥታችኋት ነው?» አለን። ሊቀ ቤንዚን ጥያቄውን ያልሰማ መስሎ ኮቱን ለበሰ።

አማቴ ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ እሱን አስጠሩት። ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ያ ቀይ ነገርህ ተሰበረ አሉኝ።»

«አርጅቶ ነው እትዬ።»

«በዚያ በተራው ቤንዚን አይደለም?»

«ኧረ ምን በወጣዎ!» ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ቤንዚን ምን ያደርጋል? ቤንዚን ቤንዚን ነው። ሲነድ አንድ ነው።»

ብርጭቆ ይዤ በር ላይ ነበርኩ፤ ሊወድቅብኝ ነበር። ይህ ሰው በሕይወቱ ቢያንስ ሦስት ወዳጆች ያጣው ይህን የመሰለ ነገር ስለተናገሩ ነው።

ሲወጣ አማቴ በሩን አዩት። «ሰማኸው?» አሉኝ። «ለኔ ብሎ ሃይማኖቱን ካደ።»

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ላይ ሲወርዱ እሱ በር ፊት ያርፋሉ። ወንበር የማወጣላቸው እኔ ነኝ። ቀይዋ ፒስተን እየጠበቀች ጋራዥ ናት፤ እሱም ሰሞኑን እንደ ድሮው አይደለም፣ መንጋጋዎቹ መሐል አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ትናንት አማቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ዋዛ፣ «ስማኝማ» አሉት። «ይሄ ቁጥሩ ከፍ ሲል፣ ለመኪናው ጉልበት ይጨምርለታል ማለት ነው አይደል?»

መልሱን ከኔ እኩል ያውቁታል። ስንት ዓመት በግድ ሰምተውታል።

ሊቀ ቤንዚን የያዘውን ጥርስ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ኧረ በፍጹም! እትዬ፣ በፍጹም!» ፊቱ በርቶ፣ ሁለት መንጋጋ ከመደርደሪያው አንሥቶ ወጣ። አማቴ ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና ለኔ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ አንተም ወንበር አምጣና ተቀመጥ፣ ይህ ነገር ይረዝማል።

አመጣሁ።