ለእትዬ ጥሩ ግድግዳ የሚሆን መጋዝ

መሣሪያው ካልተሟላ ሥራ የማይጀምር ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ጣሪያው ያፈስበታል፤ እሱ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጦ ትክክለኛውን የቆርቆሮ ምስማር ይጠብቃል። አጥሩ ወድቆ የጎረቤት ላም ጎመኑን ስትግጥ እሱ ስለ ሽቦው ውፍረት ያወራል። ሁሉ ነገር በጠፋበት በዚያ በደርግ ዘመን ለመቱ ከተማ የደረሷት ጋሼ ወልደ የሱስ ነበሩ። ለእሳቸው ደግሞ የደረሳቸው የእትዬ ጥሩ ግድግዳ ነበር።

ጋሼ ወልደ የሱስ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ካምፕ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነው አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አካፋ በሉ፣ ዶማ በሉ፣ መጋዝ በሉ፣ በእጃቸው ያላለፈ መሣሪያ የለም። ሲያወጡና ሲያስገቡ እንጂ ሲሠሩበት ያያቸው ግን አልተገኘም። መጋዝ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ካገኙ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «እስቲ ጥርሱን ልየው» ይላሉ፤ ሰላምታው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰፈርተኛው ግራና ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓድ የመጋዝ ሊቀ መንበር» ይላቸው ነበር።

እትዬ ጥሩ የታወቁ የማር ነጋዴ ነበሩ። ከሁሩሙ ገበያ ሲመለሱ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን ውሎና አዳራቸው ከሱቃቸው ጀርባ ባለው የማር ማስቀመጫ ክፍል ሆነ። ፊት ለፊቱን ክፍል የእህታቸው ልጅ ሙላቷ ትነግድበታለች። ለማር ብርሃን አይበጅም ተብሎ የብሎኬቱ ክፍል ሲሠራ መስኮት አልወጣለትም። ማሩ ተነሥቶ ሽታው ቀርቷል። በዚያ ጨለማ ውስጥ እትዬ ጥሩ ጠዋቱን ከከሰዓቱ የሚለዩት ቆርቆሮውን በሚመታው ዝናብ ነበር፤ የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ ሰዓት አክብሮ አያውቅም።

በመጀመሪያው ሰሞን ጠያቂ በር ላይ ተራ ይጠብቅ ነበር። እየቆየ ግን በሽተኛዋ አልሞቱም፣ አልተነሡምም፤ ሰውም ቀስ በቀስ ወደየጉዳዩ ሄደ።

አንድ ቀን ጋሼ ወልደ የሱስ መጡ። ሟች ባለቤታቸው የእትዬ ጥሩ የልብ ወዳጅ ነበሩ። በኩራዙ ብርሃን ግድግዳውን በጣታቸው ጠንቆል ጠንቆል አደረጉና «እትዬ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ቀኑም ሌሊት ነው። መስኮት አወጣልዎታለሁ» አሉ። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ከአልጋው በላይ አራት መስመር አሰመሩ።

ሙላቷ ከበሩ ሆና «ታዲያ ምን ያስቸግራል፣ መዶሻ ይምጣና አሁኑኑ ላፍርሰው» አለች።

«ብሎኬት በመዶሻ ከተመታ ስንጥቁ ሮጦ ጣሪያ ይደርሳል። ከጣሪያው ሥር የተኙት እትዬ ናቸው። ይሄ መቆረጥ አለበት እንጂ መፍረስ የለበትም።»

«በምን ይቆረጣል?»

«እሱ ነው ጥያቄው» አሉ ጋሼ ወልደ የሱስ፤ ፊታቸውም እንደ ሙሽራ ፊት በራ።

ጥያቄው አንድ ክረምት ፈጀ። መጀመሪያ የመጣው ባለሱቁ ኑረዲን ነው፤ ብረት መቁረጫ መጋዝ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ብረት እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው» አለ።

«ጥርሱን ልየው» አሉ ጋሼ። አዩት። «ብረቱን ይቁረጥ። ብሎኬት ውስጥ ያለው ግን አሸዋ ነው፤ አሸዋ ጥርስ ይበላል። ሁለቴ ሳይመላለስ የሚቀርህ ድዱ ነው።»

ኑረዲን ተቀየመ። ተቀይሞም አልሄደም፤ አልጋው ግርጌ ተቀምጦ ሲከራከር ዋለ፤ በመሀሉም ስለ አገሩ ስለ ስልጤ፣ ስለ እናቱም ለእትዬ ጥሩ አጫወታቸው። በማግሥቱ አናጢው የእንጨት መጋዙን ይዞ መጣ፤ ሰፋፊ ጥርሶቹ በአንድ ቃል ተሰናበቱ። ከዚያ የካምፕ ጡረተኞች መጡ። ቆይቶም «ሳይፈቀድ ሰው ተሰብስቧል» ተብሎ ሊያጣራ የተላከ የቀበሌ ጥበቃ መጣ። ጠመንጃውን በሩ ጥግ አስደግፎ፣ ግድግዳው ሲቆረጥ ውሃ ይረጭበት አይረጭበት በሚለው ላይ ሲከራከር አመሸ።

እትዬ ጥሩ ይሰማሉ። ሰዉ ሲሄድ የጠመኔውን መስኮት እያዩ ያሸልባሉ። በእንቅልፍና በንቃት መሀል አራቱ መስመሮች ይከፈታሉ። በውስጣቸው የሶር ወንዝ ጉም እየተነሣ ያልፋል፤ ቀፎ የተሰቀለባቸው ዛፎች በዝናብ ውስጥ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ በቅሏቸው ማር ተጭና፣ ሳትቸኩል፣ የሁሩሙን መንገድ ትወርዳለች። ጋሼ ወልደ የሱስ በየሳምንቱ መስኮቱን አጥፍተው ትንሽ ፈቀቅ አድርገው ይሥሉታል፤ ሕልሙም አብሮ ፈቀቅ ይላል።

በመጨረሻ ነገሩን የፈታው የቡና ጭነት መኪና የሚነዳው ኩመራ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ «አካም ጅርቱ፣ እትዬ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ገባና ከጃኬቱ ሥር ሰሃን የሚያህል ክብ የመቁረጫ ዲስክ አወጣ። ኬላ ላይ ወታደሮቹ ፈንጂ መስሏቸው ሲያገላብጡት እንደቆዩና «የአንዲት እናት መስኮት ነው» ብሎ እንዳሳቃቸው ነገራቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን ገፉ። ጥርስ ቢፈልጉ፣ ጥርስ የለውም። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ ነው።

«ይሄ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። «ለብረት የሚሆነው ሌላ ነው። ይሄ የድንጋይ ነው፤ እየፈጨ ነው የሚቆርጠው።»

ያኔ እትዬ ጥሩ ራሳቸውን ሳያስቡት «ውፍረቱስ አልበዛም፣ ጋሼ?» ሲሉ ሰሙት።

ጋሼ ወልደ የሱስ ዘወር ብለው አዩአቸው። «እኔም እሱን ልል ነበር» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

በውፍረቱ ላይ አንድ ሳምንት ሄደ። ሙላቷ ግን ትዕግሥቷ አለቀ፤ ብየዳ ቤት ሄዳ ዲስኩ የሚገጠምበትን፣ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረውን የእጅ ማሽን ለአንድ ምሽት ተውሳ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የከተማው መብራት አመሻሽ ላይ ሲመጣ የእትዬ ጥሩን አልጋ ወደ ሱቁ አወጡት። ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣው ብየዳ ሠራተኛ ሊቆርጥ ቢነሣ ጋሼ ከለከሉት። ማሽኑን ራሳቸው ያዙ። መጀመሪያ መስመሩን ስስ አድርገው ጫሩት፤ ሙላቷ በጣሳ ውሃ ታፈሳለች። ከዚያ ጠለቅ፣ ደግሞ ጠለቅ አደረጉት፤ ወደ ውጭ ዞረውም ከዚያ ወገን ያንኑ ደገሙት። እትዬ ጥሩ ጩኸቱን እያዳመጡ ለግድግዳው ይሁን ለሰውየው እንደሚጸልዩ አላወቁም። በኋላ ብሎኬቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጣሪያው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ከመስኮቱ የታየው ሶርም፣ ዛፉም፣ በቅሎዋም አልነበረም። የኑረዲን የጓሮ አጥር፣ አንድ እግር ሙዝና ቁራጭ መንገድ ነው። እትዬ ጥሩ የሙዙን ቅጠል ብርሃን ሲገባበት ቀኑን ሙሉ አይተው አልጠገቡም።

ሰውም በመንገዱ ሲያልፍ «እንዴት ዋሉ፣ እትዬ» ይላል። ይላልና ያልፋል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ግን ጠፋ። ጋሼ ወልደ የሱስም ቀሩ። «ሌላ ግድግዳ አግኝተው ይሆናል» አሉ እትዬ ጥሩ ለሙላቷ፣ እንደ ቀልድ። የተናገሩት ግን ደረታቸው ላይ ተቀመጠ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያች ቁራጭ መንገድ ላይ ጋሼ ወልደ የሱስ ብቅ አሉ። መስኮቱን በጎን አይተው አለፉ። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ፤ ደግሞ አለፉ። ዳግመኛ ሲመለሱ እትዬ ጥሩ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና «ጋሼ፣ ምን ጎደለው?» ብለው ተጣሩ።

ጋሼ በሱቁ በኩል ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው የመስኮቱን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳበሱት። እንከን ፈለጉ፤ አጡ። ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

«ምንም አልጎደለውም» አሉ፣ እንደ ተከሰሰ ሰው። «እኔ ነኝ እንጂ... ቤቱ ዝም ብሎብኝ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ጥሩ ብርድ ልብሱን ሰብሰብ አድርገው የአልጋውን ጠርዝ ለቀቁላቸው። ጋሼ ተቀመጡ። ወዲያው ዝናቡ ጀመረና በክፍቱ መስኮት እየረጨ ትከሻቸውን ያርሰው ጀመር።

ሙላቷ ከሱቁ «መዝጊያውስ? ለመዝጊያው ደግሞ ምን ዓይነት እንጨት ሊፈለግ ነው?» ስትል ጮኸች።

ጋሼ ወልደ የሱስ የሙዙን ቅጠል ከሚመታው ዝናብ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«ያገኘሽውን ሳንቃ አምጪ፣ ልጄ» አሉ። «ማንኛውም ይሆናል።»