እማዬና የመጋዘኑ ቤት

ግድግዳ ሳይለሰን ሲቀር ቤቱ እንደሚወደድ ታውቁ ነበር? እኔ ቤት መፈለግ እስክጀምር ድረስ አላውቅም ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ መሀል ኖርዝ ሉፕ የሚባል ሰፈር አለ፤ ድሮ የእህልና የእርሻ መሣሪያ መጋዘን የነበረ። አሁን መጋዘኖቹን አድሰው «ሎፍት» ብለው ይሸጧቸዋል። ጡቡ እንዳለ ነው። ቧንቧውም ጣሪያው ሥር እንደተጋለጠ ያልፋል። ውበቱ እሱ ነው ይላሉ። እኔም አመንኳቸው፤ እንዲያውም የአንዱን ፎቶ አይቼ ፍቅር ያዘኝ።

ለምን ቤት እንደፈለግሁ ልንገራችሁ፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግሩብኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አፕል ቫሊ የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ቤቱ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ዘመዶችና ወዳጆች ከብሩክሊን ፓርክ ይመጣሉ፣ ከፊሊፕስ ይመጣሉ። ሥራ የፈታው፣ የታመመው፣ ዝም ብሎ እማዬ የናፈቀችው፣ ሁሉም ይመጣል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መቀመጥ ያስጨንቀኛል። ሰላም ብዬ፣ ሻይ አቅርቤ፣ መጽሐፌን ይዤ ክፍሌ እገባለሁ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ በሩ ይንኳኳል። «ነይ እንጂ! እትዬ ዘይነባ የት ገባች እያሉ ነው!» ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስይዝ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማንም የማያንኳኳው ቤት።

ችግሩ፣ እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ሳታገባ ከቤት አትወጣም። የሚከለክል ሕግ የለም። ግን ከወጣች ስልኩ አያርፍም፤ «ምን ተጣልታችሁ ነው?» የማይል ዘመድ የለም። እማዬን አስከፍቼ መውጣት ደግሞ አልችልም። እሺ ካላለች አልገዛም ብዬ ወሰንኩና ቤቱን ላሳያት ይዣት ሄድኩ።

መንገድ ላይ «ድሮ መጋዘን ነበር» አልኳት። እኔን ያሳደገችኝ ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸገች ነው። «እኔ መጋዘን የገባሁት አንቺ እንዳትገቢ ነበር» አለች።



መኪናውን ሳቆም ከኋላ ወንበር አንድ ከረጢት ሙሉ ብርቱካን አወጣች። ኦፕን ሃውስ ማለት ማንም ገብቶ ቤቱን አይቶ የሚወጣበት ነው፣ ስጦታ አያስፈልገውም ብዬ ብለምናት፣ «ሰው ቤት ባዶ እጄን ልገባ? እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ?» ብላ ቀድማኝ ገባች።

ደላላዋ ሊንዳ ትባላለች። እጇን ለሰላምታ ስትዘረጋ እማዬ አቅፋ ሳመቻትና ከረጢቱን አስታቀፈቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን ቢገጥማት ነው ቤቷን የምትሸጠው? ጠይቂያት» አለች። ቤቱ የእሷ እንዳልሆነ ብነግራትም አላመነችም። «ታዲያ ቁልፉን ማን ሰጣት?» አለችና እዚያው ቆማ ዱዓ ጀመረች። «የሸጠውም አይቸገር፣ የገዛውም አይጸጸት፣ ያ ረቢ!» ሊንዳ ግራ ቢገባት ከረጢቱን መሬት አስቀምጣ እሷም መዳፏን ዘረጋች። ቤቱን ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስትም ከበሩ ሥር ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አሚን» እንደተባለ ምርመራው ቀጠለ። ጡቡን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። «ሳይጨርሱት ነው እንዴ የሚሸጡት?» ሊንዳ ሆን ተብሎ ነው አለች፤ ተረጎምኩ። እማዬ በሐዘን አየቻት።

«መኝታ ቤቱስ?»

ወደ ጥጉ ጠቆምኩ።

«በሩስ?»

በር የለውም። ከመታጠቢያ ቤቱ በቀር የሚዘጋ ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው። እማዬ መሀል ላይ ቆመች። ከመስኮቱ እስከ ወጥ ቤቱ በዓይኗ ለካችው። አበቃልኝ አልኩ።

«ስለዚህ ሰው ሲመጣ ሁሉም እዚሁ ይቀመጣል ማለት ነው?»

«መሰለኝ…»

ፊቷ በራ። «ልጄ፣ ይሄ ምን ቤት ነው፣ አዳራሽ ነው እንጂ! ግዢው!»

ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ግን እሺ ማለቷን እንጂ ምክንያቱን መች ሰማሁ? አንገቷ ሥር ተወሽቄ አለቀስኩ። በኋላ ዘመድ እየደወለ «ልጅሽ ወጣች አሉ» ሲላት፣ «የት ትወጣለች? ሳሎናችንን አሰፋች እንጂ» ትል ነበር።

እውነትም አሰፋሁት። ቁልፉን በተረከብኩ ሰሞን ያ ሁሉ እንግዳ ወደ እኔ ዞረ። ለሁሉም መሀል ነው፤ በፓርኪንጉ ከማማረር በቀር የቀረ የለም። የምገባበት ክፍል ስለሌለ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። ተቀምጬም ስንት ዓመት የሸሸኋቸው እትዬ ዘይነባ በልጅነታቸው ደሴ ከተማ ለጎረቤት ሁሉ ልብወለድ ጮክ ብለው የሚያነቡ እንደነበሩ ሰማሁ። አሁን መጽሐፌን ይዋሳሉ፤ አይመልሱም እንጂ እንዴት አድርገው ይተርኩታል መሰላችሁ! በር ቢኖረው ኖሮ ይሄን መች አገኘው ነበር? አልሐምዱሊላህ።

ብቻዬን ማንበብ ሲያምረኝ ግን አፕል ቫሊ ድራይቭ አደርጋለሁ። የእማዬ ቤት እርጭ ብሏል፤ እሷም ጸጥታውን ወዳዋለች። የድሮ ክፍሌ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ባለፈው እሑድ ገና ሁለተኛውን ምዕራፍ ስጀምር ተንኳኳ።

«ምነው እማዬ?»

«ቶሎ ጨርሺና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለች፤ «እንግዶችሽ በር ላይ ቆመው እኔን በስልክ እረፍት ነሱኝ!»