የክፍት ምንጭ ስንዴና የፈንቴ ጆንያ

ክፍት ምንጭ የምትባል መንደር አለች። ስሟን ያገኘችው ከግርጌዋ ከሚፈልቀው ውሃ ነው። ምንጩ ክዳን የለው፣ አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው፤ የጠማው ይጠጣል፣ የፈለገ ቀድቶ ይሄዳል። እዚያ ምንጭ ዳር የሚያርሱ እትዬ ትሁኔ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የሳቸው ስንዴ ሌሊትና ቀን ሳይል፣ ክረምት ከበጋ ሳይለይ ስንቱን ቤት ቀጥ አድርጎ ያኖር ስለነበር አገሬው «አገልጋይ» ይለዋል። በአገልጋይ የማይኖር ቤት አልነበረም፤ አገልጋይን ዞር ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። የአገልጋይ ዕጣው ይኸው አይደል!

እትዬ ትሁኔ ዘር አይሸጡም። ለመጣ ሁሉ ይዘግናሉ። ሲሰጡም እንደ ምርቃት የሚሏት ነገር አለች፤ «ወስደህ አትደብቅ። ለጠየቀህ ስጥ። የለወጥከው ነገር ካለም ተናገር።» ውሉ ይኸው ነው። ሞኝ ናቸው የሚል አልጠፋም፤ የሚለው ሰው ግን ዘሩን ጆንያው ውስጥ ከከተተ በኋላ ነው የሚለው።

ታዲያ ክፍት ምንጭ ሩቅ ናት፣ መንገዷም ዳገት። የባለጎተራዎች ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከታች ከተማው ያሉት ባለጎተራዎች ዘሩን ከእትዬ ትሁኔ ወስደው ያበጥሩታል፣ በጆንያ ጠቅልለው ያትሙበታል፣ ለየገበሬው ያደርሱታል። ሐቁን እንናገር፤ እነሱ ባይኖሩ የቆላው ሰው አገልጋይን በወሬ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ማኅተማቸው ሁሉ ያው ነው፤ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ መብረር የማይሆንለት ወፍራም ወፍ። ከወፉ በቀር ግን በምንም አይስማሙም። የአንዱ ጆንያ በአፉ ይፈታል፣ የሌላው በጎኑ፣ የሌላው በቂጡ። ሰዉም የጆንያ አፈታትን ሃይማኖት አድርጎት በየጠላ ቤቱ ይናከሳል። ስለ ስንዴው የሚያነሳ የለም።

ከሁሉም ስሙ የጎላው ባለጎተራ ፈንቴ ነበር። ጠንቃቃ ነው፤ ጠንቃቃነቱን የሚያውቅ ጠንቃቃ። አዲስ ዘር በጄ አይልም። ጎተራው ውስጥ አክርሞ፣ ደግሞም አክርሞ፣ «ይኼ የረጋ ነው» ብሎ ነው የሚያወጣው። የረጋ ማለት እንግዲህ እትዬ ትሁኔ ራሳቸው የረሱት ማለት ነው።

አንድ ቀን አንድ የቆላ ገበሬ ዳገቱን ወጥቶ እያለከለከ ደጃቸው ደረሰ። ስሙ በላቸው ነው።

«እትዬ፣ የርስዎ ስንዴ አገዳው እየወደቀ ፈጀኝ እኮ!»

«ወይ ጉድ! እሱንማ ካቃናሁት ቆየሁ፣ ወንድሜ። ዘሩን ከየት አገኘኸው?»

«ከፈንቴ ጎተራ። የረጋ ነው ብሎኛል።»

«መሬት ላይ ከተኛማ ረግቷል። ለፈንቴ ነገርከው?»

«ነገርኩት። ‹ጥፋቱ ከምንጩ ነው› አለኝ።»

እትዬ ትሁኔ ሳቁ። ምሳ አብልተው፣ አዲሱን ዘር ዘግነው ሸኙት። እሱ ግን አዲሱን አልዘራውም፤ ማኅተም አልነበረበትማ።

አሁን ስለ ዘሩ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለዚያ የመጣው መዓት አይገባም። አገልጋይ አንድ ወጥ ስንዴ አይደለም። እትዬ ትሁኔ ነጩን ስንዴ ሲያዘጋጁ ከጥቁሩ፣ ከቀዩ፣ ከገብሱም ሳይቀር እጃቸው እንዳመጣ ይበትኑበታል። ምን ያህል? እሳቸውም አያውቁ። «እጄ ካወቀው ዋግም ያውቀዋል» ይላሉ። ዋግ መቼም የስንዴ ጠላት ነው፤ የለመደውን አገዳ ጠራርጎ ይበላል፣ ያልለመደው መሃል ሲገባበት ግን መንገዱ ይጠፋዋል።

የፈንቴ ለቃሚዎች ይህን ከየት ይወቁት? ሰፌዱን ባነሡ ቁጥር ይጮሃሉ። «ጋሽ ፈንቴ፣ ይቺ ጥቁሯ ምንድን ናት? ዘሯ አይታወቅም! እንክርዳድ እንዳትሆን!» ጠዋት ይጮሃሉ፣ ማታ ይጮሃሉ። ፈንቴ ጩኸት አይወድም። ደግሞ ጨዋ ሰው ነውና ዝም ብሎ አላወጣትም፤ በገበያ ቀን እትዬ ትሁኔን በሰው መሃል አገኛቸውና ጠየቀ።

«እትዬ፣ እነዚህን ጠቆር ጠቆር ያሉትን ባወጣቸው ይከፋዎታል? ለቃሚዎቼን አስቸገሩኝ።»

እትዬ ትሁኔ ከአንዲት ወዳጃቸው ጋር ጨዋታ ይዘው ነበር። «ለቅሞ ለማየት ከሆነ ምን ገዶኝ፣ አውጣቸው» አሉና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ፈንቴ አወጣቸው። ሁሉንም። የለወጥከውን ተናገር ተብሏልና በማግስቱ ጎተራው በር ላይ ቆሞ በይፋ ተናገረ፤ ስንዴውን ከእንክርዳዱ ለየሁ ብሎ። ሰዉም እሰየው አለው። ዘሩ እንደ ጥርስ ነጭ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ ሆነ። ለቃሚዎቹ ዝም አሉ። ቆላና ደጋው በዚያ ዘር ተሸፈነ።

ዋግ መጣ። ማንም ሳያውቀው በአንድ ማሳ ገብቶ አገዳውን ተማረ፤ የአንዱን ማሳ በር ሲያገኝ የሁሉን በር አገኘ። አንድ ቁልፍ አገሩን ሁሉ ከፈተው ማለት ነው። እሸቱ ዝገት መስሎ ቀረ። ሰዉም ደረቱን እየደቃ ተነሣ፤ የተነሣው ግን ወደ ጎተራው አልነበረም፣ ወደ ዳገቱ፣ ወደ እትዬ ትሁኔ ነበር፤ የዘሩ መነሻ እሳቸው ናቸውና።

ሸንጎ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አያ ሙጨ ናቸው፤ የራሳቸው ማሳ የተበላባቸው ሽማግሌ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ምንጩ ይከደን፣ እትዬ ትሁኔም ከእንግዲህ ለማንም ዘር እንዳይሰጡ ይከልከሉ። ሴትዮዋ የሰዉን ርግማን አልፈሩም። ከመስጠት መከልከልን ነው የፈሩት። ልጅ አልወለዱም፤ በየማሳው የሚወዛወዘው ሁሉ ልጃቸው ነበር።

«ከመፍረዳችሁ በፊት ማሳዬን እዩልኝ» አሉ።

ታየ። እዚህም እዚያም ዋግ የነካው አገዳ አለ፤ የቀረው ጥቁሩ ከነጩ፣ ገብሱ ከቀዩ ተደጋግፎ ቆሟል።

አያ ሙጨ ዞር አሉ። «ጥቁሩን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፈንቴ፣ ሳይሸሽ። «ጠይቄ ነው። እሳቸው ፈቅደው ነው። ደግሞም አልደበቅኩም፤ በይፋ ተናግሬአለሁ።»

«አዎ፣ ብዬዋለሁ» አሉ እትዬ ትሁኔ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «አይቶ የሚመልሰው መስሎኝ ነበር።»

«እናንተስ ሰምታችሁ ነበር?» አሉ አያ ሙጨ ወደ ሸንጎው። ሁሉም ሰምቷል። ነገሩ ክፍት ነውና ሌላው ያየዋል ብሎ እያንዳንዱ ሳያይ ቀረ። አያ ሙጨ ራሳቸው ያን ለት ጎተራው በር ላይ አጨብጭበው ነበር፤ ይህን ማንም አላነሣባቸውም።

ምንጩ እንዳይከደን ተፈረደ። ፈንቴም ለቅሞ ያወጣውን እንዲመልስ ታዘዘ። አይታማም፤ እንቅልፍ አልተኛም። ከእትዬ ትሁኔ ለምኖ ጥቁሩን ከቀዩ፣ ገብሱን ከነጩ መልሶ ቀላቀለና «የተጠገነ» የሚል አዲስ ማኅተም ከወፉ በታች አትሞ፣ እስከ ቆላው ጥግ በጀርባው ጭምር ተሸክሞ አደረሰ። አገሩም መረቀው። «ፈንቴ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ተባለ። ስንዴው ራሱ «የፈንቴ ስንዴ» ተብሎ ቀረ።

በሚቀጥለው የዘር ወቅት ያ በላቸው ዳገቱን ወጥቶ መጣ፤ አሁን ጆንያ ተሸክሟል።

«እትዬ፣ ለርስዎም ይዤልዎ መጣሁ። እባክዎ ከዚህ ይዝሩ፤ ይኼ የሚታመን ነው።»

እትዬ ትሁኔ ጆንያውን በአፉ ሞከሩት፣ በጎኑ ሞከሩት፤ በቂጡ ተፈታ። ዘግነው አዩት። ነጩ አለ፣ ጥቁሩ አለ፣ ገብሱም አለ። የራሳቸውን ልጅ እንግዳ ብሎ ያስተዋወቃቸው ሰው ፊት ቆመው ምን ይበሉ? ከምንጩ ውሃ በቅል ቀድተው ሰጡትና ጠየቁት።

«ታዲያ ይኼ ደጉ ዘር ከየት ነው?»

«ከፈንቴ ጥቅል ነዋ!»

«ያ ዋግ የበላውስ?»

በላቸው ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣ፣ ከንፈሩን ጠረገና «እሱማ ከምንጩ ነበር» አለ፤ ቅሉንም ዘረጋላቸው። «እስቲ ከዚህ ውሃ ይጨምሩልኝ፣ እትዬ። እንዲህ ያለ ውሃ እኛ አገር የለም።»