ከግቢ ወጥታ የማታውቅ መኪና ስለመሸጥ

ቅዳሜ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አዳማ፣ የራሴው ግቢ፣ ከአቮካዶው ሥር፣ ከመኪናዋ አጠገብ።

ፀሐፊ እኔ ዘገዬ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ሲሆን ከዚያ ወዲህ አንድም አልጠፋብኝም። ያለ መነጽር እጽፋለሁ። ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ካንዴላ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታለሁ፣ መንጃ ፈቃዴም ታድሷል። ይህን የምጽፈው ልመካ ብዬ አይደለም። ልጄ ፀዳለ «አባዬ ይደክምሃል፣ እኔ በስልኬ ልያዘው» ስላለች ነው። በመኪናዬ ላይ የሚፈረደውን እኔው በእጄ እጽፋለሁ ብዬ ተመርጫለሁ። የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ የተቃወመ የለም።

የተገኙ፦
1. ኦቦ ገርባ፣ የሟች ባለቤቴ የኮከብ ታላቅ ወንድም፣ ሰብሳቢ
2. ፀዳለ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ ባንክ የምትሠራዋ
3. ሀዊ፣ የመጨረሻ ልጄ፣ ሙሽራ
4. ጃፋር፣ የመኪና ደላላ፤ ድምፅ አይሰጥም፣ ግን ዝምም አይልም
5. ኡሙልኸይር፣ የበራችን ሱቅ ተከራይ፤ ድምፅ የላትም፣ ወንበር ስላዋሰችን ትቀመጥ ተብሏል
6. እኔ

ያልተገኘ፦ ሙሽራው አማኑ። ሱፍ ሊለካ ሄዷል።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ፀሐፊው መኪናዋን የሠራነው ከኮከብ ጋር ነውና የእሷም ድምፅ በእኔ በኩል ይቆጠርልኝ ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው «አንተ ዘገዬ፣ ሙት ድምፅ አይሰጥም» ስላሉ ውድቅ ሆኗል። ፀሐፊው ቅር መሰኘቱ ይመዝገብልኝ አለ። ተመዝግቧል።

አጀንዳ አንድ፦ መኪናዋን ስለማስተዋወቅ

ፀሐፊው ለማያውቅ ሰው እንዲህ ሲል አስረዳ። ወንጂ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሳጥኖች ትቶልኝ ሄደ። በሳጥኖቹ ውስጥ ያልተገጣጠመች መኪና ነበረች። ኮከብ መመሪያውን እያነበበች እኔ ስገጥም ዓመታት ፈጀብን። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ሁሉም አልቆ ጎማ ብቻ ሲቀር ገንዘብ አጠረን። ኮከብ ትልቁን በር አንስተን ቦታውን ለሱቅ እናከራየው አለች፤ አከራየነው። ጎማው መጣ፣ በሩ ሄደ። ይህን ያስተዋልነው መኪናዋን አስነስተን ክላክስ ካደረግን በኋላ ነው። የቀረው በር ለሰውና ለበግ ብቻ የሚበቃ ነው።

ጃፋር የሽያጭ ማስታወቂያውን አነበበ፦ «ብዙ ያልተነዳች፣ አንድ ባለቤት፣ አደጋ ያላየች፣ አስፋልት ያልነካት!» ፀሐፊው አቮካዶውን አንድ ጊዜ መምታቷን፣ ጥፋቱ ግን የዛፉ መሆኑን ጠቅሶ አሳርሟል። ቆጣሪዋ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ይላል፤ ሁሉም ከአቮካዶው እስከ ውሃ ታንከሩ የተነዳ ነው። ፀዳለ ግማሹ በኋላ ማርሽ ስለሆነ ይቀነስ ወይ ብላ ጠየቀች። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ የኋላ ማርሽም መንገድ ስለሆነ እንዳይቀነስ ተወሰነ።

ኡሙልኸይር እጇን አነሳች። ሰብሳቢው «እህቴ፣ ተራሽ አልደረሰም» አሏት።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለጠፋው ሞተር

ጃፋር ፎቶ ላንሳ ብሎ የፊት ኮፈኑን ከፈተና «ያ ረቢ! ጋሼ፣ ተዘርፈዋል!» ሲል ጮኸ። በሞተር ፈንታ ቀይ ሽንኩርት ተገኘ። ሁሉም ዞሮ ኡሙልኸይርን አየ። እሷም «ሽንኩርቱ የኔ ነው፣ ጋሼ አስቀምጪ ብለውኝ ነው። ሞተር ግን አልነግድም!» ብላ ተቆጣች። ፀዳለ ማን ገብቶ ማን እንደወጣ ይጣራ አለች። ብዙ ውይይት ከተደረገ በኋላ ለፖሊስ አቤት እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ከውሳኔው በኋላ ፀሐፊው ተነስቶ ከወንበሮቹ ኋላ ያለውን ክዳን ከፈተ። ሞተሩ እዚያው ነበር። የዚች መኪና ሞተር መሃል ላይ ነው። ሰብሳቢው «እስካሁን ዝም ብለህ ታየናለህ እንዴ?» ቢሉት፣ ፀሐፊው «ፀሐፊ ካልተጠየቀ አይናገርም» ብሏል።

ኡሙልኸይር ድጋሚ እጇን አነሳች። አሁን ሽንኩርት አጀንዳ አይደለም ተባለች። ስለ ሽንኩርት አይደለም ብትልም አልተፈቀደላትም።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ ሽያጩና ስለ አወጣጧ

ፀዳለ ጉዳዩን አቀረበች። የሀዊ ሰርግ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነው። ድንኳን ሊተከል የሚችለው መኪናዋ የቆመችበት ላይ ብቻ ነው። «አባዬ፣ ወይ መኪናዋ ወይ ሰርጉ» አለች። ጃፋር ሻሸመኔ ውስጥ ገዢ እንዳለው ገለጸ። ቀጥሎ በየት ትውጣ ወደሚለው ተገባ።

ኦቦ ገርባ በክሬን በአጥር ላይ ትነሳ አሉ። ከላይ የመብራት ሽቦ ስላለ ተትቷል። ፀዳለ እንደገና ትፈታ አለች። ፀሐፊው መመሪያውን የምታነብ ሰው እንደሌለች አሳሰበ። ጃፋር ገዢው ይግዛትና እሁድ እሁድ እየመጣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ይንዳት አለ። ለገዢው በስልክ ተነገረው። እሱም ቁርስ ይኖረዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ፀዳለ «ቤታችን ሆቴል ነው እንዴ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ኦቦ ገርባ ድንኳኑ በላይዋ ይተከልና ኬክ ይቆረስባት ሲሉ ሌላ ሐሳብ አመጡ። ፀሐፊው ቢላዋ ያነሳባትን እንደማይምር አስታወቀ።

በመጨረሻ ጃፋር «ከመሃል በማሽን ቆርጠን በትንሿ በር እናውጣት፤ ሻሸመኔ ስትደርስ ትበየዳለች፣ እንደ አዲስ ነው የምትሆነው» አለ። ፀሐፊው «አንተን ቆርጠው ቢበይዱህ እንደ አዲስ ትሆናለህ?» ብሎ ጠየቀ። ድምፅ ተሰጠ። ደጋፊ ሁለት፣ ኦቦ ገርባና ፀዳለ። ተቃዋሚ አንድ። ሀዊ ድምፀ ተአቅቦ። ስለዚህ መኪናዋ ከመሃል ተቆርጣ እንድትሸጥ ተወስኗል። ይህን መስመር ስጽፍ እስክሪብቶው እምቢ ስላለ ሌላ ተቀይሯል።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ሀዊ የቀኙ ወንበር ላስቲክ ለምን እስካሁን አልተነሳም ብላ ጠየቀች። ፀሐፊው ወንበሩ የእናቷ መሆኑን ነገራት። ኮከብ መኪናዋ ስታልቅ ሶደሬ ውሰደኝ ብላው ነበር፤ እሺ ብሏል። በግቢ ውስጥ ሲያዞራት ግን «እኔ ታንከር ለታንከር አልዞርም። በር ስታገኝልኝ እቀመጣለሁ» ብላ እምቢ አለች። በሩ ሳይገኝ ሞት ቀደመ።

ሀዊም «እንግዲያው እኔ ለሰርጌ የምሄደው በዚች ነው፣ አባዬም ይነዳል» አለች።

ፀዳለ «ሁለት ወንበር እኮ ናት! አባዬ ከነዳ፣ አንቺ ከተቀመጥሽ፣ አማኑ የት ሊገባ ነው?» አለች። ጃፋር ከሽንኩርቱ ጋር አለ። ለአማኑ ተደውሎ የስልኩ ድምፅ ከፍ ተደረገ። እሱም «ባጃጅ አለ አይደል እንዴ? ብቻ ሀዊን እዚያ ላግኛት» አለ። ሙሽራው በባጃጅ ከኋላ እንዲከተል በሌለበት ተወሰነ። ፀዳለ ፎቶው ላይ አባዬ ሙሽራ ይመስላል ብላ አሳሰበች። ፀሐፊው ሱፍ እንዳለው ገለጸ። ታርጋ የላትም የሚል ሐሳብም ተነስቶ፣ የሰርግ መኪና ታርጋው በአበባ ስለሚሸፈን ለዚያን ቀን አይታይም፣ ከሰርጉ በኋላ ግን ይወጣላታል ተባለ።

ሰብሳቢው «ጥሩ፤ ታዲያ በየት ነው የምትወጣው?» አሉ። ሁሉም ወደ አጥሩ አየ።

ኡሙልኸይር ሳይፈቀድላት ተነሳች። «ይኸው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እጄን ያነሳሁት! የሱቄ የፊት በር ተጠቅልሎ የሚከፈት ነው፣ ሰፊ ነው። የጀርባውን ግድግዳ አፍርሱት፣ እኔ ዕቃዬን አወጣለሁ፣ በሱቁ መሃል ትለፍ! ጋሼ፣ የጀርባ በር ይሥሩልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ነው የለመንኩዎት?»

ፀሐፊው መለመኗን አመነ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንዲመቻት መስሎት ነበር። እሷም ለዚያው እንደነበር አረጋገጠች።

በሜትር ተለካ። መስታወቶቿ ከታጠፉ በግራም በቀኝም የመዳፍ ያህል ተርፏት ታልፋለች። መኪናዋ ስትወጣ የድንኳኑ ቦታም ባዶ ይሆናል።

ሰብሳቢው እንደገና ድምፅ አሰጡ። ሀዊ እጇን አነሳች፣ ፀዳለም እያጉረመረመች አነሳች፣ ፀሐፊው አነሳ። ኦቦ ገርባ ሁለት እጅ አነሱ። ፀሐፊው ቆጠራው እንዳይሳሳት ብሎ ጠየቃቸው። «አንዱ የእህቴ ነው፤ ጻፈው» አሉ። ተጽፏል።

ስለዚህ ከአጀንዳ አንድ ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። መኪናዋ አትሸጥም፣ አትቆረጥም፣ ለፖሊስም አቤት አይባልም። ሙት ድምፅ አይሰጥም የተባለውም አብሮ ተሽሯል። የባጃጁ ብቻ ይጸናል። ጉባኤው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተበተነ ሲሆን፣ ጃፋር ስለ ድካሙ አንድ ዙር ልነዳ ብሎ ተከልክሏል፤ ተቀምጦ መሄድ ግን ተፈቅዶለታል።

ግድግዳውን የገነባሁት እኔ ነኝ፣ የማፈርሰውም እኔ ነኝ፤ ሠራተኛ እንዳይጠራብኝ። ከዚህ በታች ያለውንም ዕዳ በዚችው መኪና እኔው ራሴ እከፍላለሁ።

ለጃፋር እስከ አደባባዩ፣ አፉን ከዘጋ።
ለኦቦ ገርባ ወንጂ፣ ጉልበታቸው ከገባላቸው።
ለኡሙልኸይር ቆቃ ደርሶ መልስ፣ ዓሣ ልትገዛ፤ ሽንኩርቱን ግን ታውጣ።
ለፀዳለ እስከ ባንኩ በር፣ ባልደረቦቿ ሲያዩ።
ለሀዊ ቤተ ክርስቲያን።
ለኮከብ ሶደሬ። ሀዊ በእናቷ ወንበር የምትሄደው ከዚህ ላይ አይቀነስም።